ባጇ የጠቆረችበት መስከረም

ባለፈው ወር ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቁልቁል ስወርድ ዝናብ የላሰው ድንጋይ አንሸራተተኝና በክንዴ ወደቅሁ። ልጄ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ አልሄድም አልኩ። ክንዴ አብጦ ሸሚዜ አልወልቅ ሲለኝ ነው የሄድኩት። እዚያ አንዲት ወጣት ባለሙያ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ «አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ፤ ራጅ ላነሳዎት ነው» አለችና ወደ ግድግዳው ኋላ ልትሄድ ዞር አለች። ያን ጊዜ ጋዋኗ ኪስ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ባጅ ተሰክታ አየሁ። ክንዴን ሳላስበው ሰበሰብኩት።

«አመመዎት እንዴ አባባ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ለምን ያነሱታል?»

«እንዲሁ ነው።»

ልጄ በር ላይ ቆማ፣ «አትድከሚ እህቴ፣ እሱ አንዴ ከጀመረ አይመለስም» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እንደዚያች ያለች ባጅ ወጣት ሳለሁ ደረቴ ላይ ሰክቼ እሠራ ነበር። አንድ መስከረም ላይ እሷ ያስደነገጠችኝን ያህል ያስደነገጠኝ ነገር ከዚያ ወዲህ የለም። ብዙ አይቻለሁ፤ መንግሥት ሲቀያየር አይቻለሁ፣ የገዛ ቤቴ ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። እንደዚያ ግን አልሆንኩም።

ያኔ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ አንድ ኮሌጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከሕንፃው ኋላ ተዳፋቱን ቆፍረው ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ክፍል ሠርተው ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮት የሌለው። እኔ የተቀጠርኩት ለዚያ ክፍል ውሃ ልሞላ ነው። ውሃ መሙላት ሲሉኝ የአትክልት ቦታ መስሎኝ ባልዲዬን ይዤ ሄጄ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአሉሚኒየም በርሜል ቆሟል። በርሜሉ ውስጥ ዩራኒየም የታሸገባቸው ዘንጎች ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለዋል። ተማሪዎቹ ሪአክተር ይሉታል። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አየለ ግን ሁልጊዜ ያርሟቸው ነበር። ረጋ ያሉ፣ ከኮታቸው ኪስ ቆሎ የማይጠፋ ሰው ናቸው።

«ይኼ ሕፃን ነው፣ በራሱ አይነድም» ይላሉ። «ጨረር የሚረጭ ቀስቃሽ ምንጭ መሐሉ እናስገባለታለን፤ ምንጩ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ ምንጩን ስናወጣው ዝም ይላል።»

የሚለኩትም ይህንኑ ነበር። ሕፃኑ በራሱ ለመንደድ ምን ያህል እንደሚቀረው። አንድ ዘንግ ይጨምራሉ፣ የጨረር ቆጣሪው ሲንጣጣ ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ። እኔን ውሃውን ዝቅ አድርግ ይሉኛል፣ እንደገና ያዳምጣሉ። ውሃው ሲሞላ ቆጣሪው እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል፤ ሲጎድል እንደ ደከመው ሰው ጣ... ጣ... ይላል። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ማታ ተኝቼም ይሰማኝ ነበር።

የቧንቧ ውሃ ደግሞ አይቀበሉም። ፈልቶ እንፋሎቱ የተጠራቀመ መሆን አለበት። እንዲህ የጠራ ውሃ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ግን አይጠጣውም፣ በርሜል ነው የሚጠጣው። ይኼ ራሱ አስገርሞኝ ነበር።

አንድ ቀን ዶክተር አየለ፣ «ና እስቲ፣ እዚህ ቁም» አሉኝ። ቆጣሪው ከበርሜሉ ጎን ተተክሏል። ከቆጣሪው ኋላ ቆምኩ። ጣጣታው ፈጠነ። ራቅ ስል ቀዘቀዘ። ተጠጋሁ፣ ፈጠነ።

«ያውቀኛል እንዴ?» አልኩ።

ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። «አያውቅህም» አሉ ዶክተሩ። «የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው። ከበርሜሉ ሾልኮ የሚወጣውን ኒውትሮን ገላህ መትቶ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው ስንለካ ማንም አይጠጋ የምንለው።»

እሳቸው በማስረዳታቸው የተረጋጋሁ መሰላቸው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በርሜሉን ዓይን እንዳለው ነገር አየው ነበር። በአጠገቡ ሳልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ያጽናናኝ ነገር ባጇ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ለምንሠራ ሁሉ አንዳንድ ታድላን ነበር። ውስጧ ትንሽ ፊልም አለ፤ ፊልሙን ከፊትና ከኋላ የከለሉ ቁርጥራጭ ብረቶችም አሉበት። የሰጠኝ ጌታቸው ነው። የማሽኖቹ ቴክኒሺያን ነው፣ የሰፈሬም ልጅ ነው። ሲሰካልኝ ደረቴን መታ መታ አድርጎ፣ «ይቺን ሳትይዝ ከገባህ አለቀልህ፣ ወንድሜ» አለኝ። በቃ፣ እኔ ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አልፈለግሁም።

ማታ ለእናቴ አሳየኋት። እማዬ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ድስት፣ ጀበና፣ ጋን፣ ሁሉን ትሠራለች። ጭቃ የያዘ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝና ገለባብጣ አየቻት፤ አሸተተቻት።

«ይቺ ናት ጨረሩን የምትመልሰው?»

«ይቺ ናት።»

«ማን ደገመባት?»

«ፈረንጅ» አልኳት።

«እንግዲህ የነሱም ያዝ ያደርግ ይሆናል» ብላ መለሰችልኝ። እንደ ክታብ በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ።

ስንወጣ በር ላይ ሰቅለናት እንድንሄድ ታዘናል። እኔ ግን ቀን የምትጠብቀኝን ማታ ለምን እለያታለሁ ብዬ ኮቴ ላይ እንደተሰካች ቤት ይዣት እገባ ነበር። ጌታቸው ቢናገረኝ አልሰማሁትም።

ያን ክረምት እማዬ ትስል ነበር። ጭሱ ነው ትላለች። በክረምት ቅጠሉም እበቱም እርጥብ ስለሆነ ሸክላ ሲተኮስ ጭሱ ቀጨኔን ያለብሳታል፤ ማን ነው ያኔ የማይስለው? አመንኳት። የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን፣ እሷ እየሳለች፣ እኔ ስለ በርሜሉ እያወራሁ እናመሻለን።

መስቀል ደረሰ። ኮሌጁ ክፍሉን ዘጋና ፈቃድ ሰጠን። የሥራ ኮቴን ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ በእንጦጦ ማርያም አልፌ፣ በእግሬ ሱሉልታ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ሜዳው አረንጓዴና ቢጫ፣ ጭቃው ደግሞ ጫማ የሚያስቀር ነበር። የባቄላ እሸት እስኪነፋኝ በላሁ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩና ኮቴን ለብሼ ሥራ ገባሁ።

ወሩ ሲያልቅ ባጆቹ ተሰበሰቡ። ፊልሙን ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያጥቡት ዶክተር አየለ ራሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ውሃ እየሞላሁ ሳለ ምንጩ ከበርሜሉ እንዲወጣ አዘዙ። ቆጣሪው ዝም አለ። ተማሪዎቹን አስወጡና እኔን ጠሩኝ።

ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ፊልሞች ተደርድረዋል። ሁሉም እንደ ብርጭቆ ያሳያሉ። አንዱ ብቻ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ይኼ ያንተ ነው» አሉኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ብዙ ጨረር አግኝቶታል። ይህን ያህል ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከበርሜሉ ከሆነ የለካነው ሁሉ ስህተት ነው ማለት ነው፤ ክፍሉም ይዘጋል።» ወደኔ ጠጋ አሉ። «ማቅለሽለሽ አለህ? ሰውነትህ ይዝላል?»

እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። «ዶክተር፣ ባጇ እኮ ደረቴ ላይ ነበረች።»

«አዎ፣ ነበረች።»

«ታዲያ እሷ እያለች እንዴት አገኘኝ?»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ታስጥለኛለች ብለህ ነው?»

«ካላስጣለች ለምን ተሰጠችኝ?»

«ትለካለች። የደረሰብህን ታሳያለች። ሌላ ምንም አታደርግም።»

የባልዲውን አፍ ይዤ ቁጭ አልኩ። ስንት ወር ሙሉ ጋሻ የያዝኩ መስሎኝ በዚያ በርሜል ዙሪያ ስዞር፣ ለካ ራቁቴን ነበርኩ። ሞት ብቻ አይደለም ያስደነገጠኝ። ደረቴ ላይ ሆና ዝም ብላ እየቆጠረችብኝ መኖሯ ነው። ጠባቂ ያልኩት ነገር ታዛቢ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚሰማ፣ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ክፍሉ ተዘጋ። ደሜን ወሰዱና ቤትህ ቆይ አሉኝ። ዶክተር አየለ መለኪያ ይዘው በርሜሉን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የውሃ ባልዲዬን ሳይቀር ሲያስሱ ዋሉ አሉ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ጌታቸው ለክፋት አልነበረም፤ አዝኖልኝ ለአንድ ሰው ነገረ፣ ያም ለሌላ ነገረ።

ለሸክላ ሠሪ ልጅ ስም ማውጣት ድሮም ቀላል ነው። አሁን ደግሞ ጨረር የመታው ተባልኩ። እትዬ ዘነበች የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ያን ሰሞን የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ይዛ መጣች። ለእማዬ በሳህን፣ ለኔ በጋዜጣ ጠቅልላ።

«ሳህን አለቀ እንዴ እትዬ?» አልኳት።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ልጆች አሉኝ» አለችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ጋዜጣውን እንዳለ መለስኩላት። ጀበና ያዘዙ ሰዎችም ሳይወስዱ ቀሩ። እማዬ ግን ስለ ጀበናው አንድም ቃል አልተናገረችም። እህል አይወርድላትም። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወደ እንጦጦ ማርያም ትወጣለች፤ እየሳለች ወጥታ እየሳለች ትመለሳለች። ለኔ ስለት ልትሳል መስሎኛል። ፊቷ እንዲያ የጠቆረው ልጇ ሊሞት ስለሆነ ነው ብዬ ነው።

ዶክተር አየለ እንደገና አስጠሩኝ። ከበርሜሉ ምንም የሾለከ ነገር አላገኙም። ደሜም ደህና ነው። ያን የጠቆረ ፊልም ብርሃን ላይ አንስተው፣ «እየው» አሉኝ። ባጇ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጭ ብረቶች ያረፉበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«የኛ በርሜል ጨረር ይህን ብረት አልፎ ይሄዳል፣ ሁሉንም ያጠቁር ነበር። ይኼ ግን ብረቱ አስቁሞታል። ደካማ ጨረር ነው፤ የሐኪም ቤት ራጅ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ባጇን ይዘህ ራጅ ተነስተሃል።»

«አልተነሳሁም።»

«ልጄ፣ አልቆጣህም። እውነቱን ንገረኝና ክፍሉን ልክፈት።»

«ራጅ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም አልኩዎት እኮ!»

«ፊልም አይዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ ጮህኩ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ከቁስቋም እስከ ቀጨኔ ብቻዬን እያወራሁ ነው የወረድኩት።

እማዬ ደጅ ቁጭ ብላ የድስት ከንፈር ታለሰልሳለች። ሰላም እንኳ አላልኳትም። «ውሸታም አሉኝ! ሐኪም ቤት ሄደህ ራጅ ተነስተሃል ይሉኛል! የጠቆረው በራጅ ነው ይላሉ! እኔ ራጅ...»

እጇ ቆመ። አውራ ጣቷ ያልደረቀውን ድስት በስቶ ገባ። እናቴ ድስት ስታበላሽ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«በራጅ ነው አሉ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ወይኔ ልጄ» አለችና በጭቃ እጇ ፊቷን ያዘች። «እኔ ነኝ የገደልኩህ።»

«ምን ትያለሽ አንቺ?»

«አንተ ሱሉልታ ስትሄድ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ራጅ ትነሻለሽ አሉኝ። ዘነበችን ራጅ ምንድን ነው ብላት ጨረር ነው አለችኝ። ፈራሁ። ያቺን የፈረንጅ ክታብህን ከኮትህ ነቅዬ ጡቴ መሐል ሰክቼ ሄድኩ። ጨለማ ቤት አስገብተው ከመስታወት ኋላ አቆሙኝ። ሰውየው ደረትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው አለኝ፣ ክታብ ነው አልኩት። አውልቂ አለኝ፣ ክታቤን አልፈታም አልኩት። በይ እንግዲህ ወደ ጎን አድርጊው ብሎ እንደገና አቆመኝ፤ አሁንም ጋረደኝ ብሎ እንደገና። ይኸው ያ ሁሉ ጨረር እሷ ላይ አለቀ። ኃይሏን እኔ ጨረስኩባት። አንተ ባዶዋን ይዘህ ገባህ።»

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። አልሞትም ማለት ነው! በርሜሉም ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ውሸታምም አይደለሁም። «እማዬ፣ ክታብ አይደለችም እኮ! ኃይል የላትም፣ የሚያልቅ ነገር የለባትም! መለኪያ ናት!» እያልኩ ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኋት።

ትከሻዋን ስይዝ ነው የደነገጥኩት። አጥንት ብቻ ነበር። ነጠላ ለብሳ አጠገቤ ስትቀመጥ አላየሁትም። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

«ለምን ሄድሽ?» አልኳት። «ሐኪም ቤት ለምን ሄድሽ?»

ከመቀነቷ አንድ ጨርቅ አወጣች። አልዘረጋችውም፤ እንደታጠፈ አሳየችኝ። ደም ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኔ።»

«ውጤቱስ?»

«አልተመለስኩም። ምን ያደርግልኛል? አንተ ገና ሥራ መያዝህ ነው፣ ሰው እናቱ ሳንባ ነቀርሳ አለባት ቢልህስ? ማን ልጁን ይሰጥሃል? ዝም ብዬ በጭሱ አሳብቤ ልሄድ ነበር።»

በጭሱ አሳብቤ። እኔ እንጦጦ ድረስ ለኔ ስለት የምትሳል የመሰለኝ ሴትዮ፣ በዚያ ሳንባ ነበር ያን ዳገት የምትወጣው። አጠገቧ ተቀምጬ በቆሎ እየበላሁ ሳሏን ሰምቻለሁ። የሰማ ጆሮ ያላወቀውን ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች ባጅ አወቀችው። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ።

በነጋታው ሐኪም ቤት ይዣት ወረድኩ። ቆማ መሄድ እየቻለች እጇን አልለቅም አልኩ። ውጤቷ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር፤ እንዳለችውም ሳንባ ነቀርሳ ነው። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። መርፌ ታዘዘላት። ረጅም ጊዜ፣ በየቀኑ እየወረደች ተወጋች።

ለዶክተር አየለ ልነግራቸው ስሄድ ለጩኸቴ ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም እንድጠይቅ አልጠበቁም። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ስለ በርሜሉ አልጠየቁኝም፣ ስለ ክፍሉም አልጠየቁኝም። «ውጤቷን ተቀበለች?» ነው ያሉኝ። ተቀብላለች ስላቸው ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሰዓት በኋላ ምንጩ ተመልሶ ገባ፤ እኔም ውሃዬን ሞላሁ፤ ቆጣሪውም ካቆመበት ጀመረ።

እማዬ ዳነች። የልጅ ልጅ አቅፋለች። እትዬ ዘነበችም ትሪውን ይዛ ተመለሰች፤ ኩርፊያዬን ለመተው ግን ጊዜ ወስዶብኛል። እማዬ ቀጨኔን ሁሉ እየዞረች ያቺ የፈረንጅ ክታብ እንዳዳነቻት ትናገር ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፍራለሁ።

«እማዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አትጠብቅም። ዶክተሩ ራሳቸው ተናግረዋል። ትለካለች እንጂ ማንንም አትጠብቅም።»

«እሺ፣ አትጠብቅም» ትለኛለች፣ ሸክላዋን እያሸች። «ታዲያ እኔን ማን ጠበቀኝ?»

መለኪያ እንደሆነች እነግራታለሁ፤ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ብረቱ፣ ዶክተር አየለ የነገሩኝን ሁሉ እዘረዝርላታለሁ። ታዳምጠኛለች። ስጨርስ ያንኑ ትጠይቀኛለች።

ዛሬ እኔ እማዬ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። በዚህ ሰፈር በክርክር የሚረታኝ ሰው የለም፤ ልጆቼም ጎረቤቶቼም ይመሰክራሉ። እማዬ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው፤ በዚያ ጥያቄ ግን አሁንም ትረታኛለች።